አንድ አፍ፣ ሦስት የጊዜ ሰሌዳ፦ በጎንደር ፒያሳ ስላደረግሁት የጥርስ ተከላ

በጎንደር ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ አንድ የግል የጥርስ ክሊኒክ ከሚያዝያ 2016 እስከ ጥር 2018 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ሦስት ጥርስ አስተክያለሁ። ሥራው 21 ወር ፈጅቷል። ይህን የሰሙ የሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁኝ «ለምን ይህን ያህል ቆየ?» ብለው ነው። እኔ ግን ክሊኒኩን የማመሰግነው በዚያው በቆየበት ምክንያት ስለሆነ፣ ስለ አገልግሎቱ የምሰጠው አስተያየት በአብዛኛው ስለ ጊዜ አመዳደቡ ይሆናል። ጽሑፌ ማስታወቂያ እንዲመስል ስለማልፈልግ የክሊኒኩን ስም አልጠቅስም፤ የምወቅሰውም ነገር አለኝና።

ወደዚህ ክሊኒክ የሄድኩት ተጎድቼ ነው። በኅዳር 2013 ዓ.ም. ለሥልጠና በሌላ ከተማ ሳለሁ፣ ከብዙ ዓመት በፊት ሥሩ ታክሞ የነበረው የላይኛው የፊት ጥርሴ ተሰነጠቀና ድዱ መግል ቋጠረ። እዚያ የገባሁበት ክሊኒክ ጥርሱን ነቅሎ በዚያው ሰዓት አዲሱን ጥርስ የሚይዘውን ብሎን አጥንቱ ውስጥ ተከለልኝ፤ ጊዜያዊ ጥርስም ከላይ አስቀምጦ «በአንድ ቀን አለቀ» ብሎ ሸኘኝ። የስኳር ሕመም እንዳለብኝ በቅጹ ላይ ሞልቼ ነበር፤ ስኳሬ ስንት እንደሆነ ግን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። በሦስተኛው ሳምንት ሕመሙ ጨርሶ ስለ ጠፋ ዳንኩ ብዬ ቆሎ ቆረጠምኩ። በየካቲት ብሎኑ በምላሴ ስነካው ይነቃነቅ ጀመር፤ ሲወጣም የፊተኛው የአጥንት ግድግዳ አብሮት ሄዶ ነበር። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ ተማሪዎቼ ፊት የቆምኩት፣ በተነቃይ ጥርስ ላይ እጄን ወይም የነጠላዬን ጫፍ እየደረብኩ ነው።

የማስተምረው ባዮሎጂ ስለሆነ ነገሩን ከሥሩ ለማወቅ ብዙ አንብቤያለሁ፤ አንባቢም ይህን ሳያውቅ የክሊኒኩን ሥራ ሊመዝን አይችልም። የሚተከል ጥርስ ከሥር የቲታኒየም ብሎን፣ ከላይ ደግሞ ጥርስ መስሎ የሚታየው ሽፋን ነው። ቲታኒየም ከአጥንት ጋር እንደሚዋሐድ ስዊድናዊው ፔር ኢንግቫር ብሮኔማርክ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የጥንቸል አጥንት እየመረመሩ ሳለ ሳያስቡት አገኙ፤ በ1965 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው መንጋጋ ላይ ተከሉ። ከዚያ ወዲህ ለረጅም ዘመን የተለመደው ሥርዓት፣ ብሎኑ ከተተከለ በኋላ በታችኛው መንጋጋ ሦስት ወር፣ አጥንቱ በሚሳሳበት በላይኛው ስድስት ወር ምንም ሳይጫንበት መጠበቅ ነበር። ዛሬ የብሎኖቹ ገጽ ሸካራ ሆኖ ስለሚሠራ ጊዜው ሊያጥር ይችላል፤ የሚያጥረው ግን አጥንቱም፣ ድዱም፣ የታካሚው ጤናም ሲመቹ ነው።

ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ብሎን የሚተከልባቸው አራት ወቅቶች አሉ። አንደኛው በዕለቱ ነው፤ ሁለተኛው ድዱ ሲገጥም፣ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ፤ ሦስተኛው አጥንቱ በከፊል ሲሞላ፣ ከ12 እስከ 16 ሳምንት፤ አራተኛው ቦታው ሙሉ በሙሉ ሲድን፣ ከስድስት ወር በኋላ። ከአራቱ አንዱም በራሱ ስህተት አይደለም። በዕለቱ መትከልም ቢሆን የፊተኛው የአጥንት ግድግዳ ደህና ከሆነ፣ ድዱ ወፍራም ከሆነ፣ ያመረቀዘ ነገር ከሌለና ብሎኑ ገና ሲገባ ጥብቅ ብሎ ከያዘ የሚያምር ሥራ ይሆናል። የእኔ ጥርስ መግል የቋጠረ፣ ድዴም ስስ ነበር፤ የፊት ጥርስን ከውጭ በኩል የሚደግፈው የአጥንት ግድግዳ ደግሞ በአብዛኛው ሰው ከ1 ሚሊ ሜትር የቀጠነ ስለሆነ፣ ኢንፌክሽን ለበላው ቦታ የቀረው ምንም አልነበረም።

ከሁሉ ይልቅ የቆጨኝ የሦስተኛው ሳምንት ነገር ነው። ብሎን በመጀመሪያው ቀን የሚይዘው እንጨት ውስጥ እንደ ገባ ብሎን በጥብቀቱ ብቻ ነው። ከዚያ በዙሪያው ያለው የተጎዳ አጥንት እየተበላ፣ አዲሱ ገና ሳይተካ፣ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ሳምንት ገደማ መያዣው ይላላል። ሕመም በሌለበት ሰዓት ብሎኑ ከምንጊዜውም ይልቅ የደከመ ነው ማለት ነው። ቆሎውን የቆረጠምኩት በዚያ ሳምንት ነበር፤ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ባልነካሁት።

በጎንደሩ ክሊኒክ በመጀመሪያው ቀን ስለ ዋጋ አልተነሣም። ዶክተሩ ወደ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ጠየቁኝ፦ የምወስደውን መድኃኒት አንድ በአንድ፣ ለአጥንት መሳሳት የሚሰጥ መድኃኒት ወስጄ እንደሆነ፣ ሲጋራና ጫት፣ ሌሊት ጥርሴን አፋጭ እንደሆነ፣ የትኛው ጥርስ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደ ተነቀለ። ከዚያ ወንበሩን ቀና አድርገው «እስቲ እንደ ልብዎ ይሳቁልኝ፣ እትዬ» አሉኝ። ሦስት ዓመት አፌን ስሸፍን ኖሬ ሳቅ ከየት ይምጣ! ሲስተሯ ነጠላዬን ቀስ አድርጋ ከአገጬ ላይ ዝቅ አደረገችና «እኛ እኮ ይህንኑ ለማየት ነው የተቀመጥነው» አለችኝ፤ ያን ጊዜ ሳላስበው ሳቅኩ፤ ዶክተሩም ፎቶ አነሡ። በፎቶው ላይ ስስቅ ድዴ ሰፋ ብሎ እንደሚታይ አሳዩኝ። «ይህ ድድ ስለሚታይ እዚህ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ብንሳሳት ዕድሜ ልክዎን ይታያል፤ ስለዚህ የፊቱ ጥርስ የመጨረሻው ነው የሚሆነው» አሉ።

እውነቱን ለመናገር በዚያ ቀን ተከፍቼ ነው የወጣሁት። የመጣሁት ለፊት ጥርሴ ነበር፤ እሳቸው ግን እኔ ከቁም ነገር ያልቆጠርኳቸውን የኋላ ጥርሶች አነሡብኝ። የግራ ታችኛው መንጋጋ ጥርሴ እስከ ሥሩ ተሰንጥቋል፤ በግራ በኩል ከላይ የነበሩት ሁለት መንጋጋ ጥርሶች ከተነቀሉ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። በሁለተኛው ቀጠሮ ምክንያቱን በደንብ አስረዱኝ። በኋላ የማኝክበት ከሌለኝ የምበላው ሁሉ በፊት ጥርሶች ላይ ይወድቃል፤ ያንን ሸክም ደግሞ በአዲስ አጥንት ላይ የተተከለ ብሎን አይችለውም። ይህን ስሰማ ቅያሜዬ ለቀቀኝ።

እንዲጽፉልኝ ስለ ጠየቅኳቸው በአንድ ወረቀት ላይ ሦስት መስመር አሰመሩ፤ አንዱ ለታችኛው፣ አንዱ ለላይኛው ግራ፣ አንዱ ለፊቱ። ከላይ ወራቱን ጻፉ፤ ፍልሰታን፣ ጥምቀትን፣ ዓቢይ ጾምንና ፋሲካን በእርሳስ ከበቡ። ያ ወረቀት እስከ ዛሬ ማድ ቤቴ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ የቡና ጠብታም አለበት። አንድ አፍ ሦስት የተለያየ የጊዜ ሰሌዳ ሊኖረው እንደሚችል ያወቅሁት ከእሱ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ያለቁት መሣሪያ ሳይነሣ ነው ማለት ይቻላል። የሦስት ወር አማካይ ስኳሬ 9.2 በመቶ ነበር፤ ለቀዶ ሕክምና ከፍ ያለ ነው። ዶክተሩ ስኳር የሚከታተለኝ ሐኪም ዘንድ ደብዳቤ ጻፉ፤ ድዴን ከሥሩ ጠረጉ፤ የተሰነጠቀውን የታችኛውን ጥርስ ግን በግንቦት ወዲያው ነቀሉት፤ ምክንያቱም የድድ ኢንፌክሽን ስኳርን ያስቸግራል፣ የከፋ ስኳር ደግሞ ድድን ያስቸግራል፣ ሁለቱ እየተመጋገቡ ይኖራሉ። ስኳሬ 7.1 ሲደርስ ነሐሴ ሆኗል። ፍልሰታ በመግባቱ ያንን ሁለት ሳምንት ለቀዶ ሕክምና አልመደቡትም፤ እኔም በጊዜው አዲስ አበባ ለቤተሰብ ጉዳይ ስሄድ ሲቢሲቲ የሚባለውን ባለ ሦስት አቅጣጫ ራጅ ተነሥቼ መጣሁ።

ራጁን አብረን ስናየው ነው የእቅድ ትርጉም የገባኝ። በታችኛው መንጋጋ ከአጥንቱ አፋፍ እስከ ነርቩ 13 ሚሊ ሜትር ነበር። ነርቩ ከተነካ ከንፈርና አገጭ ሊደነዝዝ ስለሚችል ቢያንስ 2 ሚሊ ሜትር መራቅ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ የተመረጠው ብሎን 10 ሚሊ ሜትር የሆነው ነው። ከላይ በግራ በኩል ደግሞ ከጉንጭ ሥር በላይኛው መንጋጋ አጥንት ውስጥ ያለው ባዶ ክፍል፣ ሳይነስ የሚባለው፣ ጥርሶቹ ከተነቀሉ በኋላ ቀስ በቀስ ወደ ታች ወርዶ የቀረው አጥንት 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። እንግዲህ እዚያ ቦታ ላይ የጎዳኝ መቆየቴ ነው። ጥርስ ከተነቀለ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ የአጥንቱ ስፋት እስከ ግማሽ ድረስ ሊቀንስ ይችላል፤ ከዚህም የሚበዛው የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው። ከፊት በመቸኮል፣ ከኋላ በመዘግየት ያጣሁትን አጥንት በአንድ ራጅ ላይ ጎን ለጎን አየሁት።

መስከረም 24 ቀን 2017 ዓ.ም. የታችኛው ብሎን ተተከለ፤ በዚያው ዕለት የላይኛው ግራ ሳይነስ ከጎኑ በተከፈተ ትንሽ መስኮት ከፍ ተደርጎ ሥሩ በአጥንት ዱቄት ተሞላ። ሁለቱ በአንድ ቀን የተደረጉት ሁለቱም ግራ ስለሆኑ ነው፤ ቀኝ ጎኔ ለምግብ ነፃ ሆኖ ቀረ። ብሎኑ ሊገባ አጥንቱ ሲቦረቦር ቀዝቃዛ የጨው ውኃ ሳያቋርጥ ይፈስስ ነበር፤ ዶክተሩ ትንሽ ቦርቡረው ያቆማሉ፣ ሲስተሯ ትመጥጣለች፣ እንደገና ይጀምራሉ። ያን ጊዜ መጎተት መስሎኝ ነበር። በኋላ እንደ ገባኝ አጥንት 47 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ላይ አንድ ደቂቃ ከቆየ ይጎዳል፤ ያ ጥንቃቄ ለአጥንቱ የተደረገ ነው። ለሁለት ሳምንት አፍንጫዬን እንዳልናፈጥ፣ ቢያስነጥሰኝ አፌን ከፍቼ እንዳስነጥስ ታዘዝኩ። ጎረቤቶቼም ቡና ሲያፈሉ ለእኔ ሲሉ ዕጣኑን ደጅ አጨሱት።

ስለ አጥንቱ ዱቄት አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ የዚህን ክሊኒክ ሰዎች ይበልጥ ያከበርኳቸው በዚህ ነው። ለዚህ ሥራ የሚውለው ዱቄት ብዙ ጊዜ ከከብት አጥንት ተጣርቶ የሚሠራ ነው፤ ከላዩ የሚለበሰው ስስ ሽፋን ደግሞ ከአሳማ ቆዳ የሚሠራም አለ። ዶክተሩ ይህን አስቀድመው፣ ሳልጠይቃቸው፣ በግልጽ ነገሩኝ። «ክርስቲያኑም ሙስሊሙም እዚህ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ሰው በአካሉ ውስጥ ምን እንደሚገባ ማወቅ አለበት» አሉ። እኔ ሽፋኑንም ከከብት የተሠራውን መረጥኩ፤ እሱ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ጠበቅን። በዚህ ከተማ ለሚታከም ሰው ይህ ጥያቄ ትንሽ ጥያቄ አይደለም፤ ሌሎች ክሊኒኮችም ልማድ ቢያደርጉት ምንኛ መልካም ነበር።

በፊት ጥርሴ ቦታ የጠፋው አጥንት እንደገና የተሠራው ጾመ ነቢያት ሳይገባ በኅዳር መጀመሪያ ነው። ስለ ጾም ዶክተሩ ይጹሙም ይግደፉም አላሉኝም፤ ያንን ለእኔና ለንስሐ አባቴ ተውት። የጠየቁኝ መድኃኒቴን በሰዓቱ መውሰድ እችል እንደሆነ፣ ስኳሬ እንዳይወርድ ምን እንደምበላ፣ ሽሮና ምስር በየቀኑ አገኝ እንደሆነ ብቻ ነው። ስፌቱ ሲፈታ ቁስሉ ገጥሞ ነበር። ከዚያ ሰባት ወር ሙሉ በዚያ ቦታ ላይ ምንም አልተደረገም። በዚህ መካከል፣ የጥምቀቱ ግርግር አልፎ ከተማው ሲረጋጋ፣ በጥር መጨረሻ ላይ የታችኛው ጥርስ ሽፋን ተገጠመልኝ፤ ከስንት ዓመት በኋላ በግራ ጎኔ እንጀራ አላመጥኩ። የላይኛው ግራ ብሎን ከፋሲካ በኋላ፣ በሚያዝያ መጨረሻ ገባ፤ ጥርሱም በጥቅምት 2018 ተገጠመ። ከላይ በግራ ከጎደሉት ሁለቱ የመጨረሻውን መንጋጋ ጥርስ ግን ዶክተሩ ሊተክሉ አልፈለጉም። ያለ እሱ በደንብ እንደማኝክ፣ ለእሱ ሲባል ሌላ ትልቅ ቀዶ ሕክምና እንደማያስፈልግ ነገሩኝ። ገንዘብ የሚያስገባላቸውን ሥራ ራሳቸው ከእቅዱ ላይ ሰረዙት።

ለፊቱ ብሎኑ በሰኔ 2017 ገባ፤ በጥቅምት ድዱ ተከፍቶ ጊዜያዊ ጥርስ ተሰካበት። ይህ ጊዜያዊ ጥርስ ለመልክ ብቻ የተቀመጠ አልነበረም። ዶክተሩ በየሦስት ሳምንቱ አውጥተው ከድድ በታች ያለውን ጎኑን በትንሹ ይጨምሩበታል ወይም ይሞርዱታል፤ ድዱም ቀስ እያለ የእሱን ቅርጽ ይይዛል። አንድ ቀን መስታወት ሰጡኝና በሁለቱ የፊት ጥርሶች መካከል ያለችው የድድ ጫፍ ወደ ታች መውረዷን አሳዩኝ። ምናልባት ግማሽ ሚሊ ሜትር ብትሆን ነው፤ እኔ ግን መስታወቱን ለመመለስ ዘገየሁ። ቋሚው ጥርስ ከጥምቀት በኋላ በጥር 2018 ተገጠመ።

ቅሬታዎቼን ደግሞ ልናገር። የቀጠሮ አያያዛቸው ከሕክምናቸው ጋር ጨርሶ አይመጣጠንም። እኔ የምመጣው ከአዘዞ ነው፤ ሁለት ጊዜ መብራት የለም ተብዬ ከበር ተመልሻለሁ፤ መብራቱ ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቶ ሳለ ስልክ መደወል ያቃታቸው ለምን እንደሆነ አሁንም አይገባኝም። ከገጠር ሌሊት ተነሥተው የመጡ አንድ አባት በአንደኛው ቀን እንደዚያው ሲመለሱ አይቼ እጅግ አዝኛለሁ። የጥርሱ ሽፋን የሚሠራው አዲስ አበባ ስለሆነ አንዴ ተልኮ ልኩ ሳይመጣ ቀርቶ ሌላ ሦስት ሳምንት ጠበቅኩ፤ የመጀመሪያው ተነቃይ ጊዜያዊ ጥርስም ሁለት ጊዜ ተሰብሮብኛል። የጊዜ ሰሌዳውን በጽሑፍ ያገኘሁት ስለ ጠየቅኩ ነው፤ ከእኔ ጋር ወረፋ ይጠብቁ ከነበሩት ታካሚዎች አንዳቸውም በእጃቸው አልነበረም። ያ ወረቀት ለሁሉም ታካሚ ሊሰጥ ይገባል።

ክፍያው በየደረጃው ነው፤ በመጀመሪያ ቀብድ፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ ቀዶ ሕክምና፣ በመጨረሻ ለሽፋኑ። ለሁሉም ደረሰኝ ይሰጣሉ። ብሎኑ ከውጭ የሚገባ በመሆኑ ዋጋው በመካከል ጨምሯል፤ ለተከፈለበት ደረጃ ግን ጭማሪ አልጠየቁኝም። አንባቢ የእኔን ዋጋ ይዞ ቢሄድ ስለማይጠቅመው ቁጥሩን አልጽፍም፤ ይልቅ ከመጀመሩ በፊት በየደረጃው ምን ያህል እንደሚከፍል፣ ብሎኑ ሳይዝ ቢቀር ማን እንደሚከፍል በጽሑፍ ይቀበል። እኔ ይህን ጠይቄ፣ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ከወደቀ ያለ ክፍያ እንደሚተኩት ፈርመው ሰጥተውኛል።

ከአምስት ኮከብ አራት እሰጣቸዋለሁ፤ አንዱን የቀነስኩት ስለ ቀጠሮው ነው። ስኳር ላለበት፣ አጥንቱ ለሳሳ፣ ቀድሞ የተተከለ ለወደቀበት ሰው ያለ ምንም ማመንታት እልካለሁ። ለሠርግ ወይም ለጉዞ በሁለት ወር እንዲያልቅለት የሚፈልግ ሰው ግን ሌላ መፍትሔ፣ ለምሳሌ ተነቃይ ጥርስ ወይም ብሪጅ (ከጎን ጥርሶች ጋር ተያይዞ የሚቀመጥ ጥርስ)፣ እንዲያስብ ያስፈልጋል፤ እነሱም ይህንኑ ፊት ለፊት ይነግሩታል።

አንድ ልመና አለኝ፤ የክሊኒኩ ሰዎች ይህን የሚያነቡ ከሆነ። በተተከለ ጥርስ ዙሪያ ቆሻሻ ከተጠራቀመ ድዱ ይቆጣል፣ ቆይቶም አጥንቱ ይበላል፤ ስለዚህ በጥርሶች መካከል የሚገባውን ቀጭን ብሩሽ በየማታው እንድጠቀም አዝዛችሁኛል። የሰጣችሁኝ አንድ እሽግ በሦስተኛው ሳምንት አልቋል፤ በፒያሳ የጠየቅኳቸው ፋርማሲዎች የላቸውም፤ እስካሁን የማስመጣው እህቴ ከአዲስ አበባ በሰው እየላከችልኝ ነው። በሐምሌ ለክትትል ስመጣ እናንተው ዘንድ ተሽጦ ባገኘው፣ ያቺን የቀነስኳትን ኮከብ ግማሿን በደስታ እመልሳለሁ።